ነጭ ፕላስተር፣ ቀይ ጽሑፍ

በስምንት ዓመቴ፣ እናቴ አያቴን ልትገድል እንደሆነ የማውቅ ብቸኛዋ ሰው እኔ ነበርኩ። ማስረጃዬ የተሟላ ነበር። ዛሬ በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ስመረምረው እንኳ አንድም ቀዳዳ አላገኘሁበትም፤ እንከኑ እውነት አለመሆኑ ብቻ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሕጉ ነው። እማዬ በውሃ ማጣሪያው ላቦራቶሪ ውስጥ ብርጭቆ ታጥብ ነበር። የሻይ ብርጭቆ አይደለም፤ አንገታቸው ረጅም፣ ሆዳቸው ሰፊ፣ ጎናቸው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ብርጭቆዎች። ባለሙያዎቹ ሲመረምሩ ይውላሉ፣ እሷ ስታጥብ ትውላለች። እጇ እንደ መዋኛ ገንዳ ክሎሪን ክሎሪን ይላል። ከዚያ ሥራ ወደ ቤታችን ያመጣችው አንድ ጥቅል ነጭ ፕላስተር፣ አንድ ቀይ ማርከርና አንድ ሕግ ነው።

ሕጉን የተማርኩት በአምስት ዓመቴ ነው። የበረኪናውን ጀሪካን ጠረጴዛ ላይ አወጣችው፤ ፕላስተር ቆርጣ ለጠፈችበት፤ በቀዩ ማርከር ጻፈችበት፤ ከዚያ ፊቴ ተንበረከከች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፕላስተር።»

«ላዩ ላይስ?»

«ቀይ።»

«ብትነኪውስ?»

«ትቆጪኛለሽ።»

«አልቆጣሽም» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ማንን እቆጣለሁ? አንቺ የለሽማ።»

ያቺ «የለሽማ» ዓመታት ተከትላኛለች። በቤታችን ነጭ ፕላስተር የለበሰው ያ ጀሪካን ብቻ ነበር፤ እሱንም የተኛ ውሻ እንደሚታለፍ በእግር ጣቶቼ ጫፍ ነበር የማልፈው።

ቤታችን የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ ከመንገዱ አራት ደረጃ ተወርዶ ይገባል። የምንኖረው ሦስት ሴቶች ነን፤ እማዬ፣ እኔና የአባቴ እናት። አባቴ ከባድ መኪና ስለሚነዳ በወር አንዴ ይመጣል፣ ሁለት ቀን ይተኛል፣ ይሄዳል። አያቴን እኔም እማዬም «እማማ» ነበር የምንላት። እማማ በበኩሏ፣ እማዬ ወደዚያ ቤት ከገባች ዘጠኝ ዓመት ቢሞላትም፣ «ሙሽሪት» ከማለት አልተላቀቀችም። «ሙሽሪት፣ ይሄ ሾርባ ጨው የሚባል ነገር አይቷል?» «ሙሽሪት፣ መስኮት እኮ ሲታጠብ ነው ውጪው የሚታየው።» እማዬ ጥርሷን ነክሳ «እሺ እማማ» ትላለች። እኔ የመንጋጋዋን እንቅስቃሴ እመዘግብ ነበር። ምክንያት የሌለው ወንጀል የለም ሲባል በሬዲዮ ሰምቻለሁ።

አንድ ሰሞን ነገሩ ባሰ። እማዬ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ቀጥታ እማማ ክፍል መግባት ጀመረች። በሩ ይዘጋል። እኔ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። መጀመሪያ የእማዬ ድምፅ ይመጣል፤ ቶሎ ቶሎ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ የሆነ ነገር ይዘረዝራል። ከዚያ የእማማ ዱላ ወለሉን ይመታል። ጧ!

«ውሸት!»

«ኧረ እውነቴን ነው እማማ…»

«ድምፅሽ ተሰበረ። እንደገና!»

እማዬ እንደገና ትጀምራለች። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ስትደርስ ትደናቀፋለች።

«ከአየር… ከአየር ይቀላል…»

ጧ! «ውሸት!»

«ይከብዳል! ይከብዳል፣ ወደ ታች ይተኛል።»

«እንደገና!»

«በቃኝ እማማ፣ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው።»

«ይፈንዳ! እንደገና!»

እማዬ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቆ ነው። «ምን አጥፍተሽ ነው?» ስላት «ምንም። ሂጂ የቤት ሥራሽን ሥሪ» ትለኛለች። እማማ አንድ ኃጢአት እንደደረሰችባትና ልታናዝዛት እንደያዘቻት ገባኝ። ተመርማሪ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ምላሽ አይሰጥም፤ አንዳንዴ ጊዜ ይጠብቃል።

እማማ ፊደል እንዳልቆጠረች ዛሬ አውቃለሁ። የእማዬ የጥናት ደብተር ጉልበቷ ላይ ተዘቅዝቆ እንኳ አታውቅም ነበር። ስለ አቶምም ስለ ሞልም የሰማችው ነገር የለም። የምታውቀው፣ ሰው እርግጠኛ ያልሆነበትን ነገር ሲናገር ድምፁ መሃል ላይ እንደሚሰበር ነው። በዚህ ዘዴ ስምንት ልጆች አሳድጋለች፤ በዚሁ ዘዴ አጠቃላይ ኬሚስትሪን ከአንደኛው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ትፈትን ነበር። ላቦራቶሪው የረዳት ቴክኒሻን ቦታ አውጥቶ፣ ፈተናውን ላለፈ ማንኛውም ሠራተኛ ተብሎ ነበር። እማዬ አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠችው፤ ምክንያቱም እኔ ሆዷ ውስጥ ነበርኩ። ፈተናው አንዴ ነው። ካለፈች ነጭ ጋዋን፣ ከወደቀች እስከ ጡረታ ብርጭቆ። ለኔ ያልተነገረኝ ምላሴ ከውሃ ቦቴ በላይ ስለሚያንጠባጥብ ነው፤ ብትወድቅ ሰፈሩ ከእሷ ቀድሞ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ጓንቱ መጣ።

ጓንቱ ከላቦራቶሪው ባለሙያዎች አንዱ ነው፤ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ጫማውን የሚያይ ልጅ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣል፤ እጁ ላይ ሁልጊዜ ስስ ነጭ ጓንት አለ፤ ሻይ ሲጠጣ እንኳ አያወልቀውም። ቤት ውስጥ ጓንት የሚያደርጉ ሁለት ዓይነት ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሌቦችና ነፍሰ ገዳዮች። እኛ ቤት ደግሞ የሚሰረቅ ነገር የለም።

(እጁ በኬሚካል ተላልጦ ያፍር ነበር። ይሄን የሰማሁት ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በሠርጉ ላይ ነው።)

አንድ ቅዳሜ በወጥ ቤቱ የቁልፍ ቀዳዳ አየኋቸው። ጠረጴዛው ላይ የእማማ ብርጭቆ አለ፤ ውስጡ ወይን ጠጅ የመሰለ ፈሳሽ። ጓንቱ በጓንቱ የያዘው የእማማን የዓይን መድኃኒት ማንጠባጠቢያ ነው።

«እትዬ፣ ዋናው ነገር ጠብታዋ ናት» አላት በሹክሹክታ። «ከቸኮልሽ አለቀልሽ።»

«ስንት ጠብታ?»

«ቀለሙ እስኪለወጥ። ከአንዷ ጠብታ በፊት ምንም የለም። ከአንዷ ጠብታ በኋላ አበቃ፤ መመለሻ የለውም።»

«እጄ ቢንቀጠቀጥስ?»

«መጀመሪያ የሁሉም ሰው እጅ ይንቀጠቀጣል።»

እማዬ ማንጠባጠቢያውን ተቀበለችው። አንድ። ሁለት። ሦስት። የእማማ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ነገር ድንገት ደም መሰለ። እማዬ በደስታ አፏን በእጇ ያዘች።

«ልጅቷ እንዳትሰማ» አለች ከዚያ።

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ሽንቷ አምልጧት ቆማለች።

የቀይ ጥቅል ጎመን ጭማቂ ነበር። አሲድ ሲነካው ይቀላል፣ ቤዝ ሲነካው አረንጓዴ ይሆናል፤ በየትምህርት ቤቱ የሚሠራ፣ ማንንም ገድሎ የማያውቅ ሙከራ። እኔ ግን ዛሬም ያን ጎመን አልገዛም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስገባ የጨው ብልቃጡ ነጭ ፕላስተር ለብሷል። በቀይ፣ NaCl ይላል። ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ላይ ሲቆሙ ግን ቃል አልሆኑልኝም፣ ይህም የባሰ አስፈራኝ። ማክሰኞ ስኳሩ። ረቡዕ የአቼቶው ጠርሙስና የሶዳው ካርቶን። ሐሙስ የውሃው ጆክ፦ H₂O። ዓርብ ምጣድና ማንኪያው፣ የመስኮቱ መስታወት፣ በመጨረሻም የእማማ ዱላ፤ እሱ ላይ አንድ ፊደል ብቻ፣ C። እንጨት ካርቦን ስለሆነ ነው። እማዬ የምትነካውን ሁሉ እያየች እንድታጠና ጓንቱ የመከራት ዘዴ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ደግሞ ከዚያ ፕላስተርና ከዚያ ቀይ ማርከር ሌላ አልነበረም። ሕጓን ረስታዋለች። አዋቂዎች ሕግ ያወጣሉ፣ ይረሳሉ፤ ልጅ ግን አይረሳም።

በዚያ ሳምንት ቤቴ ውስጥ አልበላሁም። የትምህርት ቤት ዳቦዬን ለሦስት ከፍዬ ቆጠብኩ፤ ውሃ ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ ሆዴ እስኪነፋ ጠጣሁ። እራት ላይ «ሆዴን አመመኝ» እልና የእማማን ማንኪያ በዓይኔ እከተላለሁ። ወደ አፏ ሲገባ እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። ትውጣለች። አትሞትም። ይሄም ገባኝ፤ ጠብታ በጠብታ ነው።

ላስጠነቅቃት ሞከርኩ።

«እማማ፣ ሾርባውን አትብዪ።»

«ምነው፣ ጨው በዛው?»

እማዬ ታየኛለች። «እ… አዎ።»

«ሙሽሪት!» ብላ ጮኸች እማማ። «ሕፃኗ እንኳ ጨውሽን ፈራች!»

የእማዬ መንጋጋ ተንቀሳቀሰ። ነገሩን አፋጠንኩት ብዬ አለቀስኩ። እማዬ መጥታ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። «ልጄ፣ ምን ሆነሻል? ክስት ብለሻል እኮ» አለችኝ፣ በዚያ ክሎሪን በሚሸት እጇ። አንገቴን ወደ ኋላ ሳብኩ። እጇ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ያን እጅ አሁንም አየዋለሁ፤ ጣቶቹ ተጨማደው፣ ለመዳበስ ተዘርግተው፣ ማረፊያ አጥተው።

ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ፣ ከአፍንጫዬ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ፣ በአልጋዬ ራስጌ ብረት ላይ፣ ነጭ ፕላስተር አለ። Fe።

ተራው የኔ ነው ማለት ነው።

ተነስቼ ስወጣ እማዬ ለሰው ሠርግ ብቻ የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ጓንቱ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። እማማ የእማዬን ሁለት ጉንጮች በእጆቿ ይዛ «አትፍሪ፣ ሙሽሪት» ትላታለች። «የምትዪውን እወቂ፤ ከዚያ ወዲያ የሰውም ፊት አይተሽ አትደንግጪ።» ሟችዋ ገዳይዋን ታበረታታለች። እማማ ምንም አልገባትም!

እማዬ ወደኔ ዞረች። ሳመችኝ። ከንፈሯ ቀዝቃዛ ነበር።

«እማማን ጠብቂያት፣ እሺ? ውሃ ስትፈልግ ከጆኩ ቅጂላት።»

ከጆኩ። በኔ እጅ።

በሩ ተዘጋ። እማማ ወንበሯ ላይ ተመቻችታ «እስቲ ልጄ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል…» ማለት ስትጀምር ሮጥኩ። ሁለት ፌስታል እጄ ላይ አጠለቅኩ፣ እንደ ጓንቱ። የሚንቀሳቀሰውን ባለ ፕላስተር ዕቃ ሁሉ ወደ መታጠቢያ ቤት አጋዝኩት። እማማ እንዳታይ በሩን ዘጋሁ። የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ መሃል ላይ አኖርኩ። መርዙን ሁሉ እዚያ አፍስሼ ወደ ቱቦ ልደፋው ነው።

ጨው። ስኳር። የጆኩ ውሃ። ሁለት ማንኪያ የማትሞላ ሶዳ። ከዚያ አቼቶው፣ አንድ ሙሉ ጠርሙስ። ሶዳው ሲነካው ተንጨረጨረ፤ አረፋው ሲነሳ ሕይወት ያለው መስሎኝ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። (ካርቶኑ ሙሉ ቢሆን ኖሮ አቼቶውን ያለዝበው ነበር። ጎዶሎ ነበር።) አንድ ብቻ ቀረ፤ የሁሉም አባት፣ የበረኪናው ጀሪካን። ዓይኔን ጨፍኜ አቀፍኩት። «አንቺ የለሽማ» አልኩ ለራሴ፤ አፈሰስኩት።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። የእማዬ እጅ ሽታ፤ ግን እንደ ሺህ እጅ፣ ሁሉም ጉሮሮዬን የያዘ። ዓይኔ ተቃጠለ። ለመጮህ አየር ስስብ አየር የለም፤ የገባው ሌላ ነገር ነው፣ ደረቴን የሚቧጥጥ። በሩን ፈለግኩ፤ ፌስታል ባጠለቀ እጅ እጀታ አይያዝም፣ ያንሸራትታል። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወለሉ ላይ ባሰ።

በሩ ተከፈተ። እማማ ዱላዋን ተደግፋ ቆማለች። አንዴ አሸተተች፤ አንዴ ብቻ። ፊቷ ተለወጠ።

«በረኪናና አሲድ!» አለች።

ይህን የምትለው ፊደል ያልቆጠረች፣ ሬዲዮ ለመክፈት እኔን የምትጠራ ሴት ናት። በብብቴ አንጠልጥላ ጎተተችኝ፣ በሩን በእግሯ ዘጋችው። እኔ ወደ ጓሮው ሮጥኩ፤ ሁልጊዜ የምንወጣበት፣ በግንብ የታጠረ ጉድጓድ የመሰለ ጓሮ። ዱላዋ መንገዴን ዘጋው።

«ወደ ላይ!»

እማማ በጉልበቷ ምክንያት አራት ዓመት ሙሉ የፎቅ ደረጃ አልወጣችም። ወጣች። በአንድ እጇ የደረጃውን ድጋፍ፣ በሌላው የኔን አንገትጌ ይዛ፣ አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ እያሳለች፣ በየእርምጃው ታጉረመርማለች። የምታጉረመርመው ድምፅ የእሷ አይደለም፤ የእማዬ ነው፣ ቶሎ ቶሎ፣ ትንፋሽ አጥሮት።

«ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ክሎሪን። በረኪና ከአሲድ ሲደባለቅ ይወጣል። በስተውጭ ሰባት ኤሌክትሮን፣ አንድ ይጎድለዋል፤ ስለዚህ ያገኘውን ይነጥቃል። ቀለሙ ቢጫ ወደ አረንጓዴ። ከአየር ይከብዳል፣ ወደ ታች ይተኛል። ከአየር ይከብዳል፣ ወደ ታች ይተኛል…»

ድምጿ አንድ ጊዜም አልተሰበረም።

አራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተቃቅፈን ተቀመጥን። የጎረቤት ሰው ውሃ ሰጠን፤ ብርጭቆውን አገላብጬ ፕላስተር ፈለግኩበት፣ ከዚያ ጠጣሁ። እማማ ታስላለች። ለሁለት ሰዓት ያህል፣ የምትሞተው አሁን ነው እያልኩ ፊቷን አየሁ።

እማዬ ስትመጣ ሰማያዊው ቀሚስ ከላይ ታየን። እማማ ቁልቁል ጮኸች፤ «አትግቢ ሙሽሪት! አየሩ ቆሽሿል! በረኪናና አሲድ ነው!» እማዬ ባለችበት ቀረች። ከዚያ ሻርፗን ቧንቧ ላይ ነክራ አፏና አፍንጫዋ ላይ አሰረች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ገባች። መስኮቶች ሲበረገዱ ሰማን። ቧንቧ ሲንፏፏ ሰማን። ስትወጣ ባዶውን ጆክ ይዛለች።

ደረጃውን ወጥታ ፊቴ ተንበረከከች፤ ልክ በአምስት ዓመቴ እንደተንበረከከችው።

«ማን አስተማረሽ? ለምን?»

ልዋሽ ብል ኖሮ ድምፄ ይሰበር ነበር።

«እማማን ልትገድያት መስሎኝ ነው። ፕላስተሩ… ቀዩ… እኔንም።»

እማማ ሳቀች፤ ሳቋን ሳል አቋረጠው። «እኔን? ይቺ? በምን አቅሟ! ጨው መመጠን ያቃታት!»

እማዬ አልሳቀችም። እጇን ወደ ግንባሬ ላከች፣ አየር ላይ አቆመችው፣ ያን የእራት ሰዓት ያስታወሰች መሰለኝ። እኔ ነኝ ግንባሬን ወስጄ እጇ ላይ ያሳረፍኩት። ያኔ ብቻ አለቀሰች።

«ፈተናውን ንገሪኝ» አለች እማማ፣ ለቅሶ ስለማይመቻት።

«ደህና ነው። አንዷን ብቻ ሳትኳት።»

«የቷን?»

እማዬ አፍንጫዋን ጠረገች። «ክሎሪን ከአየር ይከብዳል ወይስ ይቀላል የምትለዋን። ይቀላል ብዬ ወጣሁ።»

ጧ! ዱላው ደረጃውን መታ። «አርባ ጊዜ አስደግሜሽ!»

አርባ ጊዜ ስላስደገመቻት ነው። የሌላውን ምዕራፍ ሁሉ እማማ ሰምታ ረስታዋለች፤ በቃሏ የቀረው እማዬ ስትሰናከልበት የኖረችው ቦታ ብቻ ነበር። እማዬ በአንዴ ብታውቀው ኖሮ እኔ ወደ ጓሮው እሮጥ ነበር።

እማዬ አለፈች። ነጭ ጋዋን ለበሰች፤ ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ የጻፈችው ሁሉ በጥቁር ሆነ። ፕላስተሮቹን በጥፍሯ ፍቃ አነሳቻቸው፤ የእማማ ዱላ ላይ ያለችው ግን «ንብረቴን አትንኪ» ተብላ ቀረች።

የእማማም ሳል ሳይለቃት ቀረ። እማማ ከዚያ ቅዳሜ በፊት እንደማታስል እኔ ለመርሳት ሞክሬያለሁ። ባሳለች ቁጥር እማዬ ወደኔ ታይና ቶሎ ዓይኗን ትመልሳለች። በዚያ ቤት ውስጥ እማማን የመረዛት አንድ ሰው ብቻ ነው።

በአሥራ ሁለት ዓመቴ ጠየቅኳት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ትራሷን ከፍ እያደረግኩላት ነበር።

«እማማ፣ ሳልሽ ከኔ ነው?»

«የዕድሜ ነው» አለች፣ ቶሎ፣ ሳትደናቀፍ። ጆሮዬን ጣልኩ። ድምጿ ድፍን ነበር፤ ስንጥቅ የለውም። ልቤ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም። ግን እኔ የእሷ ተማሪ ነኝ።

ከአልጋው አጠገብ የቆመውን ዱላ አንስቼ ወለሉን መታሁ፤ በቀስታ።

«እንደገና» አልኳት።

እማማ አየችኝ። ከዚያ ዱላዋን አየች።

«የዕድ…» አለች።